እንጦጦን የሚወጣ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ
በመጪው ዓመት በቅርብ ልንከታተላቸው ከሚገቡ ቴክኖሎጂዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ከተሞች መንገዶችም ጥሩ መፈተኛ ናቸው። በኤሌክትሪክ መጓጓዝ ለአካባቢው አዲስ አይደለም፤ ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የመሬቱ አቀማመጥም ለኤሌክትሪክ ያደላል። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሚኒባስ የእንጦጦን ዳገት መሻገር አለበት። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የነዳጅ ሞተር በቂ ኦክስጅን አያገኝም፤ ጉልበቱ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለጉልበቱ አየር አይሻም። ቁልቁለቱን ሲወርድም እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ፍጥነቱን ይገታል፤ በፍሬን ሙቀት ይባክን ከነበረው ኃይል ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል።

«ባትሪው ውድ ነው፤ መብራትም ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የሊትየም ባትሪ ዋጋ በዓለም ገበያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከማመንጨት ይልቅ የሚከብደው ማከፋፈሉ ነው፤ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ቻርጅ ቢደረግ የሰፈር ትራንስፎርመር ጭነቱን ላይችል ይችላል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ታክሲ ግን መስመሩ አጭርና የታወቀ በመሆኑ፣ ሌሊት የኃይል ፍጆታ ሲቀንስ በተራ ቻርጅ ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ እድገቱን በሚገቡት መኪኖች ብዛት ብቻ ሳይሆን በየመናኸሪያው በሚተከለው ቻርጀርና ትራንስፎርመር ጭምር መለካት ይበጃል።