ዲክሎ ሕመሙን ዝም ያሰኛል፤ ጨጓራና ኩላሊትስ?

ሽሮ ሜዳ ከአስፓልቱ ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ የሽመና ድምፅ ትሰማላችሁ። ሱቅ ላይ ተሰቅሎ የምናየው ጥበብ የሚሠራው እዚያ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በእግሩ እየረገጠ በእጁ እየወረወረ ይውላል። ወገብ፣ ጉልበትና ትከሻ ቢያመው አይገርምም። በዓል ሲደርስ ደግሞ ማረፍ የለም፤ ካልሠራ ገንዘብ የለማ!

ልጅ እያለሁ ጎረቤታችን የነበሩ ሸማኔ «እስቲ ሮጥ በልና የወገብ ኪኒኗን አምጣልኝ» እያሉ ፋርማሲ ይልኩኝ ነበር። ዲክሎፌናክ ናት፤ ሰው «ዲክሎ» የሚላት። ጋሼ ለወራት ወሰዷት። አንድ ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፣ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ሆስፒታል ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። እኔ ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም፤ ኪኒኗን ሳመላልስ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ይቺ ኪኒን ምን ታደርጋለች?

ሰውነታችን ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመርታል። ቦታው እንዲያብጥ፣ እንዲሞቅና እንዲያም የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፒሪን ኬሚካሎቹ እንዳይመረቱ ያግዳሉ። ይህን በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እነዚሁ ኬሚካሎች ጥሩ ሥራም አላቸው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም እንዳይቀንስ ያግዛሉ። መድኃኒቱ ደግሞ መርጦ አያግድም። ጉልበቱን ሲያስታግስ ጨጓራውን ያለ መከላከያ ይተወዋል። ደም ግፊትም ሊጨምር ይችላል።

«በመርፌ ልወጋው፣ ጨጓራዬን እንዳይነካኝ» የሚል ሰው ሞልቷል። ስህተት ነው። መርፌውም በደም በኩል ጨጓራ ጋ ይደርሳል። ከቆዳ ላይ የሚቀባው ግን ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ጨጓራ የማይጎዳ ለመሥራት ተሞክሯል። ቫዮክስ የተባለው መድኃኒት በ1999 ገበያ ገባ፤ የልብ ድካምና ስትሮክ አደጋን እንደሚጨምር ስለታወቀ በ2004 አምራቹ ሰበሰበው።

ዴክሳና ፕሬድኒሶሎን

እነዚህ ስቴሮይድ ናቸው። ብግነትን ከሥሩ ስለሚያፍኑ ሰውየው በአንድ ቀን «ዳንኩ!» ይላል። ለአንዳንድ በሽታ ሐኪም ሲያዛቸው ሕይወት ያድናሉ። ያለ ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ስኳር ይጨምራሉ፣ ፊት ያሳብጣሉ፣ እንደ ቲቢ ላሉ በሽታዎች ያጋልጣሉ። ይባስ ብሎ አጥንት ያሳሳሉ። ለአጥንት ብሎ የዋጠው አጥንቱን ይበላዋል ማለት ነው። ከዲክሎ ጋር ሲደረቡ ደግሞ የመድማት አደጋው በጣም ይጨምራል።

ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆምም የለበትም። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሊወድቅ ይችላል። በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሁሉም ቁርጥማት አንድ አይደለም

ሪህ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች ነው። አሎፑሪኖል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ የዕለቱን ሕመም አያስታግስም። ሲወስዱት ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ አቁሞ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሩማቶይድ በሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ የራሳችን መከላከያ ነው መገጣጠሚያውን የሚያጠቃው። ለእሱ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተሳስቶ በየቀኑ መውሰድ ይገድላል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም።

በዕድሜና በሥራ ብዛት ያለቀን የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት መልሶ የሚያበቅል ኪኒን ግን እስካሁን የለም። የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ የሚረዱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ፦

- ማስታገሻ በትንሹ መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ ከምግብ በኋላ።
- ዲክሎና አይቡፕሮፌን አብረው አይወሰዱም። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።
- የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለበት፣ አረጋዊና እርጉዝ ሴት መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ።
- ሰገራ ከጠቆረ፣ ትውከት ደም ካለው ወይም ሽንት ከቀነሰ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል።
- መድኃኒት ጉዳት ካደረሰ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 በነፃ ደውሎ ማሳወቅ ይቻላል።

ጋሼን ማንም «ስንት ቀን ሆነዎት?» ብሎ አልጠየቃቸውም። እኔም አላወቅኩም። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል። አባባ ወይም እማማ ነገ ፋርማሲ ሲልኳችሁ ብሩን ከመቀበላችሁ በፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቋቸው።