«ይሁዳ!» የተባለበት ምሽት

በ1970 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ያልተፈቀደ ሸክላ በሙዚቃ ሰብሳቢዎች እጅ መዘዋወር ጀመረ። ዘፋኙ ቦብ ዲላን ነው። ዘፋኙም ሆነ ሙዚቃውን የሚያሳትምለት ኩባንያ ሸክላው እንዲታተም አልፈቀዱም። ሰብሳቢዎቹ ሸክላውን በአንድ ስም ነበር የሚያውቁት፤ በ1966 በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል የቀረበ ኮንሰርት። ዓመቱ ልክ ነው። ቦታው ግን አይደለም፤ ስህተቱ በይፋ እስኪታረም ሰላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

እንዲህ በድብቅ የሚታተመውን ሸክላ ሰብሳቢዎች «ቡትሌግ» ይሉታል። በሮክ ሙዚቃ የመጀመሪያው ስመ ጥር ቡትሌግ በ1969 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የወጣው «ግሬት ዋይት ወንደር» ነው፤ እሱም ባዶ ነጭ ሽፋን የለበሰ፣ ዲላን ያላሳተማቸው ሥራዎች ስብስብ ነበር። እሱን ተከትሎ የመጣው የኮንሰርት ሸክላ ግን ከዚያ ሁሉ ይለያል። በዚህኛው ላይ የሚሰማው ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ጠብም ይሰማል።

መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ከበሮው፣ የኤሌክትሪክ ጊታሩና የአጃቢው ሙዚቀኛ የጋርዝ ሃድሰን ኦርጋን እንደ ጎርፍ ይመጣሉ። በዘፈኖቹ መሀል ደግሞ ሕዝቡ ዝግ ባለ ጭብጨባ ይረብሻል። ይህ ጭብጨባ የአድናቆት ሳይሆን የተቃውሞ ነው። ዲላን ሊያስታግሳቸው ሲል ትርጉም የሌለው ነገር ያጉተመትማል፤ ምን እንደሚል ለመስማት ዝም ይላሉ። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ከአዳራሹ አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ «ይሁዳ!» ይለዋል። ይሳቃል፣ ይጨበጨባል። ዲላን እንደማያምነው ይነግረዋል፣ ውሸታም ይለዋል፣ ወደ ሙዚቀኞቹ ዞሮም ድምፁን ከፍ አድርገው እንዲጫወቱ ያዛል። ቀጥሎ «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ይጀምራል። እኔ ይህን ቅጽበት በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ የስድቡ ክብደት ነው። ሰው መሣሪያ ቀየረ ተብሎ ጌታውን በሠላሳ ብር በሸጠው ሐዋርያ ስም ይጠራል?

ቁጣው የመጣው ዲላን በሕዝባዊ ዜማ ስሙን የተከለ ወጣት ስለነበረ ነው። አንድ ተራ ጊታርና ሃርሞኒካ ይዞ ብቻውን የሚዘፍነውን ዲላን ብዙዎች እንደ ራሳቸው ድምፅ ቆጥረውት ነበር። በ1966 ጉዞው የኮንሰርቱን የመጀመሪያ አጋማሽ እንደ ድሮው ብቻውን ተጫወተ፤ ያኔ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። በሁለተኛው አጋማሽ ሮቢ ሮበርትሰንን፣ ሪክ ዳንኮን፣ ሪቻርድ ማኑኤልን፣ ጋርዝ ሃድሰንንና ከበሮ መቺውን ሚኪ ጆንስን አስከትሎ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይመለሳል። ጉዞው በሜይ 26 እና 27 ለንደን ላይ ተጠናቀቀ። በጁላይ መጨረሻ ዲላን በሞተር ሳይክል አደጋ ተጎዳ፤ እስከ 1974 መጀመሪያ ድረስም የኮንሰርት ጉዞ አልወጣም። ያኔ ከዚያ ጉዞ ለገበያ የቀረበው አንድ ዘፈን ብቻ ነበር፤ እሱም ሊቨርፑል ላይ ተቀድቶ በ«አይ ዎንት ዩ» ነጠላ ሸክላ ጀርባ የታተመው ነው። ቴፖቹ በኩባንያው መጋዘን ተቀመጡ። ስለዚህ ቡትሌጉ ባይኖር ኖሮ ያ የተቆጣ ምሽት ለአንድ ትውልድ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ያለ ፈቃድ ማተምን ትክክል ነው አልልም፤ ሙዚቃውን በሕይወት ያቆየው ግን እሱ ነው።

ታዲያ ሸክላው ላይ የተቀዳው ምሽት የትኛው ነበር? መልሱ በማንቸስተር ሰዎች ዘንድ ነበር። ሜይ 17 ቀን 1966 ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለው የከተማቸው አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ፣ ኋላ ሙዚቀኛና የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ሲ. ፒ. ሊ ነው። ሊ ያን ምሽት ከሥሩ ተከታትሎ በ1998 «ላይክ ዘ ናይት» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ኩባንያው ራሱ ሙሉውን ኮንሰርት በሁለት ሲዲ አወጣው፤ ቡትሌጎቹ የተዉት፣ ዲላን ብቻውን በጊታር የተጫወተበት ክፍልም ተካተተ። ቦታው ማንቸስተር እንደሆነ በግልጽ ተጻፈ። የተሳሳተው ስም ግን ከሰብሳቢዎች ልብ ሊወጣ ስላልቻለ «ሮያል አልበርት ሆል» የሚለው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሆኖ ሽፋኑ ላይ ቀረ። ለእኔ ይህ ጥሩ ውሳኔ ነው። ስህተቱም የሸክላው ታሪክ አካል ነውና መደምሰስ የለበትም።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው ወደ ጯሂው ዞረ። ጩኸቱ የእኔ ነው ያሉ ሁለት ሰዎች ተገኙ። ከሁለቱ አንዱ የተናገረው ነገር ሸክላውን ደግሜ እንዳዳምጠው አድርጎኛል። ከምንም በላይ ያናደደው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን የአዳራሹ የድምፅ ጥራት መጥፎነት ነበር፤ ቃላቱ አይሰሙም ነበር አለ። እኛ ዛሬ የምንሰማው እያንዳንዱ ቃልና እያንዳንዱ ክር ተለይቶ የሚሰማበትን ቅጂ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰው የሰማው ሌላ፣ ቴፑ የያዘው ሌላ። ያንን ሕዝብ ጆሮ የሌለው አድርገው ለአሥርተ ዓመታት የተሳለቁበት ሁሉ ይህን ሊያስቡ ይገባ ነበር።

የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ የተከፈተው በ2016 ነው። አንዱ ገፊ ምክንያት ሕግ ይመስለኛል። በአውሮፓ ሕግ መሠረት አንድ ቅጂ በተቀዳ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ካልታተመ የባለቤትነት ጥበቃውን ያጣል፤ የ1966ቱ ጉዞ ደግሞ ሃምሳ ሊሞላው ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ከጉዞው የተገኘው ቅጂ ሁሉ በ36 ሲዲ ታትሞ ወጣ፤ እውነተኛው የአልበርት ሆል ኮንሰርትም፣ የሜይ 26ቱ፣ ለብቻው በሁለት ሸክላ ወጣ። የሸፊልድ፣ የማንቸስተርና የለንደን ምሽቶች በኩባንያው ባለሙያዎች የተቀዱ ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ የድምፅ ባለሙያው ሪቻርድ አልደርሰን ከመድረኩ ድምፅ ማደባለቂያ በቀጥታ የቀዳቸው ናቸው። ጥቂቶቹን ግን ከሕዝቡ መሀል የተቀመጡ አድማጮች ናቸው የቀዷቸው። ሳል ይሰማባቸዋል፣ ሙዚቃው ከሩቅ ይመጣል፣ አንዳንዱ ቦታ ከሹክሹክታ አይለይም። ለእነዚያ ምሽቶች ሌላ ምስክር አልነበረምና፣ አሳታሚው ከእነጉድለታቸው በመጨረሻዎቹ ዲስኮች ላይ አስቀመጣቸው።