ዝግጅት አለማመን አይደለም

በየዓመቱ ከቡኢ ልጆቻችንን ጸልየን ወደ ዩኒቨርሲቲ እንሸኛለን። ለድንገተኛ አደጋስ አዘጋጅተናቸዋል? በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ ጅማ በተሰማ ጊዜ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ደንግጠው ከሕንፃ ለመውጣት ሲጣደፉ የተጎዱ ተማሪዎች ነበሩ። እኛም የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ዳር ነው።

ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ፈትቶ ብቻ አልተቀመጠም፤ በጥጋቡ ዘመን እህል አከማቸ (ዘፍ. 41)። እግዚአብሔርን የሚታመን ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ የሕንፃችሁን መውጫዎችና መሰብሰቢያ የሚሆን ገላጣ ሜዳ አስቀድማችሁ እወቁ። ምድር ስትናወጥ ከፎቅ አትዝለሉ፤ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ሸፍኑ፤ መናወጡ ሲያቆም ሳትጋፉ በደረጃ ውጡ። የተማሪዎች ኅብረት መሪዎች የአባላትን ስምና የቤተሰብ ስልክ በወረቀት ይያዙ። ወላጆችም ከመሸኘታችሁ በፊት ይህን ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ጌታ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።