ስለ ታጣፊዋ ትንሽ ሽጉጥና ስለ ዒላማ ጨዋታ

ስለ መሣሪያ ወሬ ሲነሣ ይፋት ቆላ ውስጥ ላደገ ሰው ሁለት ትዝታ ይመጣበታል። አንደኛው የማሽላ ማማ ነው። ማሽላው ሲያሸት ግሪሳ ወፍ እንዳይጨርሰው ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። እኔም ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው በአባቴ ማሳ ላይ ሁለት መኸር ጠብቄአለሁ። ወፉ ፋታ ሲሰጠን ግን ወንጭፋችን አያርፍም ነበር፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አቁመን ማን ቀድሞ ይጥላል እያልን እንወራረድ ነበር። ሁለተኛው ትዝታ የሰርግ ተኩስ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በውጭ አገር ለመዝናኛ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች አጥብቀው የሚወዷትን አንዲት ትንሽ መሣሪያ ማስተዋወቅና የመወደዷን ምክንያት ማስረዳት ነው። ቀጥሎም ነገሩ ለእኛ ቆላ ምን ትምህርት እንዳለው እንጠይቃለን።

«ሽጉጥ» የሚለው ስማችን «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በልብስ ሥር የሚሸጎጥ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ድብቅነትን ይናገራል። የምንነጋገርባት ሽጉጥ ግን ዋና ጠባይዋ መከፈት ነው። አሠራሯን የተማርሁት ከአያቴ ነው። አባቱ ከጠላት ወረራ ዘመን ያቆዩለት አንዲት እንግሊዝ ሠራሽ ዌብሊ ነበረችው፤ ጥይት ካጣች ዘመን የላትም። ከሰደፏ በላይ ያለውን መቀርቀሪያ በአውራ ጣቱ ሲገፋ አፈሙዟ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ስድስት ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ጎማም ወለል ብሎ ይታያል። በዚያው ቅጽበት ከጎማው መካከል ኮከብ የመሰለ ብረት ብቅ ብሎ የተተኮሱትን ቀለሆች ሁሉ ባንድ ጊዜ ያወጣል። በሌሎቹ የድሮ ሽጉጦች ግን ቀለሁ በጎን በኩል ባለች ትንሽ በር አንድ ባንድ እየተገፋ ነበር የሚወጣው።

እንዲህ ያለውን ታጣፊ አሠራር በትልቅ ሽጉጥ ላይ አውጥቶ ያስፋፋው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ሲሆን፣ ጊዜውም 1870 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁኖም ማጠፊያ ያለበት ብረት አንድ ወጥ የሆነውን ያህል አይጠነክርም። ጎማው ወደ ጎን የሚወጣ ሽጉጥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሲመጣ ታጣፊው ከጦር ሜዳ እያደር ተገፋ፤ ለጨዋታ ግን ቀረ። ለምን ቀረ?

መልሱ ጥይቱ ላይ ነው። በተለመደው የጦር ጥይት ቀለህ ቂጥ መካከል ተቀጣጣይ ቅመም የያዘች ትንሽ ቆብ አለች፤ መዶሻው እርሷን ይመታል። በትንሿ ጥይት ግን ቅመሙ ያለው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለ ሆነ መዶሻው ጠርዙን ጨፍልቆ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ቀለህ ደግሞ ብርቱ ግፊት አይችልም። ስለዚህ ጥይቱ በባሕርዩ ለስላሳ ነው። እንግዲህ ማጠፊያው የማይችለውን ጉልበት ጥይቱም አይሰጥም፤ ሁለቱ ድካሞች ተስማሙ።

የዚህ ጥይት አባት የፓሪሱ ፍሎቤር ነው። በ1845 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥይት ቤት ውስጥ ለዒላማ ጨዋታ የታሰበ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሚበዛው 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ በ1887 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚያው ዓመት ገጣሚው ራምቦ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠበንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በእኛው ቆላ በኩል አንኮበር ገብቶ ነበር። ለጨዋታ የተሠራው ጥይት ወደዚያ ሲሄድ የጦሩ ወደዚህ መጣ ማለት ነው።

የመወደዷ ምክንያት እንግዲህ ግልጽ ነው። እርግጫዋ ትንሽ ስለ ሆነ ተኳሹ ቃታ ሲስብ አይሸማቀቅም፤ ዒላማ የሚያስተው ከሁሉ ይልቅ ይኸው መሸማቀቅ ነውና። ጥይቷ ርካሽ ነው። ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን የሠራው ስፖርትስማን የተባለው ዓይነት ዘጠኝ ጥይት ይጎርሳል። ዘጠኙ ሲያልቅ ተኳሹ ያጥፋታል፣ ቀለሁን ያራግፋል፣ አንድ ባንድ ይሞላታል፤ በዚያ ፋታ ለምን እንደ ሳተ ያስባል። ከሁሉም በላይ ግን ታጥፋ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ባዶ መሆኗን ቆሞ የሚያይ ሁሉ ያውቃል። በኦሎምፒክም የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ሽጉጡ ሌላ ዓይነት ቢሆን ጥይቱ ይኸው ባለ ጠርዝ ጥይት ነው።

ነገር ግን ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማኪንሊ የተገደሉት አይቨር ጆንሰን በሠራው ትንሽ ታጣፊ ሽጉጥ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ሮበርት ኬኔዲን የገደለው ደግሞ ይኸው 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ጥይቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሰርጉ እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዘመዳችን ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ከተተኮሰው ጥይት አንዱ በቆርቆሮ ጣሪያ በስቶ ገብቶ ወጥ ታቀርብ የነበረችውን የአክስቴን ልጅ ትከሻዋን መታት። በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፋለች፤ ክንዷ ግን ዛሬም ጀሪካን አያነሣም። ተኳሹ አልታወቀም። የተኮሱት ብዙዎች ነበሩ፤ ማንም ያለመበት ነገር አልነበረም። ዒላማ የሌለው ጥይት ባለቤት የለውም።

የአክስቴ ልጅ የተመታችው በደስታ ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠልና ግጭቱ ሸዋ ሮቢትን ሲነካ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ሲገባ፣ የሆነውን የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ዛሬ የእኛ ሰፈር ሕፃን የጠበንጃውን ዓይነት ከድምፁ ይለያል። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ ገና በረቂቁ አይቶ «ተኩስ ለእኛ እንዴት መዝናኛ ይሆናል?» ቢለኝ አልፈረድሁበትም።

የእኔ መልስ ይህ ነው። ሽጉጥ እንግዛ አላልሁም፤ የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1177ም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ከታጣፊዋ ልንወስድ የሚገባን ሥርዓቷን ነው፤ ይኸውም ከዒላማው ኋላ የአፈር ክምር መኖሩ፣ ሁሉም ባንድ መስመር መቆሙ፣ አንድ ሰው ማዘዙ፣ ተኩሱ ሲያበቃ መሣሪያው ሁሉ ተከፍቶ መታየቱ ነው። ይህን ሥርዓት ለመልመድ ባሩድ አያስፈልግም። የስፖርት ክበባችን በአየር ጠበንጃ ሊጀምር ይችላል፤ እርሱም ከታጣ ወንጭፍ አለ። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በየሰርጉ «አልሞ የመታ ይሸለም፣ ወደ ሰማይ የተኮሰ ይቀጣ» ብለን ሽማግሌዎቻችንን ብንለምን አይሰሙን ይሆን? እኔ አያቴን ጠይቄአለሁ። ዌብሊዋን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «እኛም ድሮ ድንጋይ አቁመን ነበር የምንጫወተው» አለኝ።