ከኩኩ እስከ ዲንደር፤ ዓባይ ዳር የሚማሩ የመስክ ተማሪዎች

ካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ባሕሪን አያጣውም። ከአገራችን የሚወርደውን ዓባይ በድልድይ ተሻግረው ወደ ሰሜን ሲያልፉ የሚያገኙት ከተማ ነው፤ ፋብሪካውም ገበያውም እዚያ ነው። በምሥራቁ በኩል ያለው የኩኩ ሰፈር ደግሞ ስሙ ከወተት ላሞች ጋር ይነሣል። የሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሀብት ኮሌጅ የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው። በኮሌጁ ውስጥ ደግሞ የዓሣና የዱር እንስሳት ሳይንስ የሚባል የትምህርት ክፍል አለ። ላሞቹ የሚታወቁትን ያህል ክፍሉ አይታወቅም፤ ተማሪዎቹ ግን በሰላሙ ጊዜ አገራቸውን ዞረው ያዩ ነበር።

የክፍሉ ስም ለሰሚው ግራ ያጋባል። የአንበሳ ኮቴ የሚከተለውንና የዓሣ ሆድ የሚከፍተውን ተማሪ ምን አገናኛቸው? ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ መስክ ሲወጡ ግን ማስረዳትም አያስፈልግም። በደረቁ የሱዳን ሜዳ ላይ የዱር እንስሳ የሚገኘው ውሃ ባለበት ነው። ውሃው ሲሸሽ እንስሳው ይከተላል፣ ዓሣው ደግሞ ይያዛል። ይህን በየዓመቱ የሚወስነው ከጣና ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚዘንበው የእኛ ክረምት ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ደጃፍ ላይ፣ ከወንዙ ነው። መሣሪያውም ተራ ነገር ነው፤ ጥቁርና ነጭ የተቀባች፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ሳህን በተለካ ገመድ ታስራ ከጀልባ ላይ ትወርዳለች። ከዓይን የምትሰወርበት ጥልቀት ይጻፋል። ቀስ ተብላ ስትሳብ እንደገና የምትታይበትም ይጻፋል። የሁለቱ አማካይ ብርሃን ምን ያህል ወደ ውሃው እንደሚገባ ያሳያል። ሥራው እንዲህ ቀላል ይምሰል እንጂ ጀማሪ ይሳሳትበታል፤ አንዱ ጥላ ባለበት በኩል ቆሞ፣ ሌላው ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ሲያነብ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይመጣል። ጥር ላይ ወንዙ ጠርቶ ሳህኗ ጠለቅ እስከምትል ድረስ ትታያለች። ነሐሴ ላይ፣ ወንዙ እንደ ቀድሞው ደፍርሶ በሚወርድበት ዘመን፣ ገና ከመጥለቋ ትጠፋ ነበር። ያን ቡናማ ያደረገው የጎጃምና የወሎ አፈር ነው፤ ዓባይ ድንበሩን ተሻግሮ የሚወስደው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሆነ ሲገመት ኖሯል።

ደለሉ የዓሣውን ቀለብ ይወስናል። ብርሃን ካልገባ በዓይን የማይታዩት የውሃ ዕፀዋት አይባዙም፤ እነሱ ካልተባዙ እነሱን የሚበሉት ደቃቅ እንስሳት ይጠፋሉ፤ ጫጩት ዓሣ ደግሞ የሚኖረው በእነዚያ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሕይወት ምርምር ክፍሉን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ ዡስካና ታሊንግ የተባሉት ተመራማሪዎች ዓባይ ላይ ለዓመታት ናሙና ወስደው ይህን ዑደት አሳይተዋል፤ ጎርፉ ሲመጣ ደቃቁ ሕይወት ተጠርጎ ይሄዳል፣ ጎርፉ ሲያልፍና ውሃው በግድቦች ሲተኛ መልሶ ይፈላል። ዛሬ ማንም ተማሪ ዓባይ ላይ ሳህን ሲያወርድ የራሱን ቁጥር የሚያስተያየው ከዚያ ዘመን ቁጥር ጋር ነው። የመስክ ትምህርት ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንድ ተማሪ በአንድ ቀን የሚለካው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የሚያገኘው ከሱ በፊት የለካ ሲኖርና ከሱ በኋላ የሚለካ ሲመጣ ነው።

ዓሣው የሚጠናው ከካርቱም ደቡብ ነጭ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1937 በተሠራው የጀበል አውሊያ ግድብ ሐይቅ ወይም ዓሣ አጥማጆች በሚያራግፉበት ገበያ ነው። እኛ ቆሮሶ የምንለው እዚያ ቡልጢ ነው፣ አምባዛው ገርሙጥ። ተማሪው ዓሣውን በመለኪያ ሰሌዳ ላይ አጋድሞ ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ይለካል፣ ይመዝናል፣ ሆዱን ከፍቶ የበላውን ይለያል፣ ዕንቁላሉ የደረሰበትን ደረጃ ይመዘግባል። ከሁሉ የሚከብደው ዕድሜ ማወቅ ነው። ጭንቅላቱ ከዓይኖቹ ኋላ አግድም በቢላ ይከፈታል፤ አንጎሉ ቀስ ተብሎ ሲነሣ ከሥሩ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጫጭ የጆሮ ድንጋዮች ይገኛሉ። በመቆንጠጫ ተይዘው ይወጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ቁጥር በተጻፈባት ትንሽ ፖስታ ይገባሉ። በኋላ ተስለው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዓሣው በፍጥነት ያደገበትና የዘገየበት ጊዜ በቀለበት በቀለበት ይታያል። ክረምትና በጋው በግልጽ በሚለይበት ቀዝቃዛ አገር ቀለበቱ እንደ ዛፍ ግንድ በዓመት አንድ ነው። ዓባይ ላይ ግን ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል፣ ዓሣው ዕንቁላል ሲጥል፣ የሚወጣው ቀለበት ይደባለቃል፤ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ድንጋይ ቆጥረው ሳይስማሙ መቅረታቸው የተለመደ ነው። አለመስማማታቸውም ይጻፋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ባሕሪ ላይ በመረብ የሚወጣው ትልቁ ዓሣ፣ ሱዳኖች ዕጅል የሚሉት የናይል ፐርች፣ ጣና ውስጥ የለም። ወንዙ ያው ወንዝ ሆኖ ሳለ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግደው ጣና ብቻውን ቀርቶ ሌላ ቦታ የማይገኙ የራሱን ነጫጭ ዓሦች አፍርቷል። ስለዚህ የባሕር ዳር ተማሪና የባሕሪ ተማሪ አንድ ውሃ ላይ ቆመው የሚያጠኑት ዓሣ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ዲንደር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከካርቱም በደቡብ ምሥራቅ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ድንበራችን ጥግ የተዘረጋ፣ 10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የዲንደርና የራሃድ ወንዞች የሚነሡት ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ራሃድን እኛ ሽንፋ እንለዋለን። ሰኔ ሲገባ ጥቁሩ አፈር ይጨቀይና መኪና አያስገባም፤ መንገዱ የሚደርቀውና ተማሪ የሚገባው ከገና ወዲህ ነው። የፓርኩ ሰፈር ገለጉ የተባለው ቦታ ላይ ነው።

የዲንደር ቁም ነገር ማያ የሚባሉት ኩሬዎች ናቸው። ወንዙ ድሮ ሲጠማዘዝ ትቶት የሄደው መታጠፊያ ክረምት ላይ በጎርፍ ይሞላና በጋውን ሙሉ ሣርና ውሃ ይዞ ይቆያል። ከ40 በላይ ማያዎች አሉ። ደፈርሳው፣ ቦሆሩ፣ ከርከሮው፣ ጎሹ፣ ዝንጀሮው የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ አንበሳውም ከዚያ አይርቅም። ጎርፉ ደግሞ ዓሣ ይዞ ይገባል። መጋቢት ላይ ማያው እየጠበበ ሲሄድ ዓሣው በጭቃ ውስጥ ይጣበባል፤ አብዛኛው አየር አጥሮት ይሞታል፣ አምባዛው ግን ከውሃ በላይ አየር መሳብ ስለሚችል እስከ መጨረሻው ይቆያል። አባ ኮዳው ዳር ዳሩን ቆሞ ይለቅመዋል። እዚያ የደረሰ ተማሪ ዓሣና ዱር ለምን በአንድ ክፍል እንደሚሰጥ አይጠይቅም።

ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀመራል፤ ረፋድ ላይ ሙቀቱ ሰውንም እንስሳውንም ያስቆማል። መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ከፊት፣ ተማሪዎች ከኋላ ሆነው በኮምፓስ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳሉ። እንስሳ ሲታይ ስንት እንደሆነ፣ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ ይጻፋል፤ ከርቀቱ ተነሥቶ ያልታየው ስንት ሊሆን እንደሚችል በስሌት ይገመታል። ብዙ ጊዜ ግን እንስሳው አይታይም። የሚታየው ፋንድያና ኮቴ ነው። ፋንድያ ትኩስ ወይስ ያደረ መሆኑን መለየት፣ ጥፍሩን መሬት ላይ የሚያትመውን የጅብ ኮቴ ጥፍሩን ከሚሰበስበው ከአንበሳ ኮቴ መለየት፣ ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ቢኖርም የሚገባው ጎንበስ ሲሉ ነው። ከተማ ያደገ ወጣት ጥንት ቀጭኔ ይውልበት በነበረው ሜዳ ላይ ቆሞ ዛሬ አንድም ቀጭኔ እንደሌለ ሲሰማ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም።

ሱዳን ውስጥ የዱር እንስሳት ጥበቃ በፖሊስ ሥር ነው። የፓርኩ ጠባቂዎች ማዕረግ ያላቸው የፖሊስ አባላት ናቸው። ስለዚህ በሙያው ፓርክ ውስጥ ልሥራ የሚል ተመራቂ አንዱ መንገዱ ዩኒፎርም መልበስ ነው፤ ለሁሉም የሚስማማ መንገድ አይደለም።

ከወንዙና ከዲንደር ቀጥሎ ሦስተኛው መስክ ቀይ ባሕር ነው፤ ከባሕሪ እስከ ፖርት ሱዳን በመኪና 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የኩኩ ተማሪ ስንቁን ይዞ እዚያ ሲደርስ የለመደው ነገር ሁሉ ይገለበጣል። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ደለል ስለሌለው ብርሃኑ ጥልቅ ይገባል፣ ኮራሉም የሚያድገው በዚያ ምክንያት ነው። ከፖርት ሱዳን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያለው ሳንጋኔብ ከ800 ሜትር ጥልቀት ተነሥቶ የወጣ የኮራል ቀለበት ነው። ከዶንጎናብ የባሕር ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጠላቂው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሰዎችን ባሕር ሥር ቤት ሠርቶ ለ30 ቀን ያኖረውም በዚሁ አካባቢ፣ ሻዓብ ሩሚ ላይ ነው። የዓለም ጠላቂ በብዙ ገንዘብ የሚመጣበትን ባሕር የአገሩ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከዓሣ ማራገፊያው ነው፤ የመጥለቂያ ዕቃና ጀልባ ውድ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ ባሕሪም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የውጊያ ሜዳ ሆነች። የዋና ከተማዋ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ ተማሪውም መምህሩም ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሕይወት ያኖራቸው የነበሩ እንስሳት መጋቢ አጥተው በረሃብና በጥም አለቁ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲናር ግዛት ገብቶ ወደ ዲንደር ፓርክ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። የሱዳን ሠራዊት ባሕሪን መልሶ የያዘው በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ነው። በመካከሉ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በርቀት ማስተማር ጀምረዋል። ፊዚክስና ሒሳብ በስልክ ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ የዓሣ ጆሮ ድንጋይ ማውጣት ግን በስልክ አይሰጥም።

የሚያሳዝነው ጊዜው ነው። የሕዳሴው ግድብ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ግድቡ ደለሉን ያስቀራል፣ ጎርፉን ያለዝባል። ባሕሪ የሚደርሰው ዓባይ የነሐሴ ውሃው ከድሮው የጠራ፣ የበጋ ውሃው ከድሮው የበዛ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ለዓሣው በጎ ይሁን ክፉ በክርክር አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሳህን በማውረድና ዓሣ በመለካት ነው። ወንዙ እንዲህ በተለወጠበት ዘመን ለኪዎቹ ስደት ላይ ነበሩ። እነዚያ የደብተር ገጾች ባዶ ቀርተዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሞላቸው የለም።

በእኛ በኩል ምን አለ? ዲንደርን የሚያዋስነው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ቋራ ውስጥ ነው፤ የተቋቋመው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች አንበሳ እንዳለበት በካሜራና በኮቴ አረጋግጠዋል፤ ያ አንበሳ ድንበር አያውቅም፣ የዲንደርም አንበሳ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ልክ እንደ ኩኩው ዓሣን፣ ረግረግንና የዱር እንስሳትን አጣምሮ የሚያስተምር ክፍል አለው፤ ከተማው ውስጥም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ። ቋራና መተማ አካባቢም ሰላም እንደራቀው አይካድም፤ ፓርኩ ውስጥ መስመር ዘርግቶ መሄድ ዛሬ ላይሆን ይችላል። ጣና ላይና ከጣና በታች ግን ይቻል ይሆናል።

ከጦርነቱ ሸሽተው ኢትዮጵያ የገቡ የሱዳን ተማሪዎች አሉ። የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሎጂና የዓሣ ክፍሎች በሚቀጥለው የመስክ ጊዜ ጥቂት ወንበር ይክፈቱላቸው። የጉዞ አበል ይበጁ፣ የጀልባ ቦታ ይስጡ፣ የሚለኩትንም በሁለቱ አገር ደብተር ያስገቡ። እናንተም ተማሪዎች፣ ከካርቱም ስትወጡ የድሮ የመስክ ማስታወሻ በስልካችሁ ወይም በሻንጣችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ አትጣሉት፤ ቅጂውን ለአንዱ ዩኒቨርሲቲ አስቀምጡ።