ተጨማሪ መረጃ፦ ተከላካይን የበተነው የሉዊዚያና ቡድን

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ያህል ይህን ያሳካ ቡድን ማግኘት ያስቸግራል። ኳሱን የሚያቀብለው ተጫዋች፣ ማለትም ኳርተርባኩ፣ ጆ በሮው በ2018 ለታችዳውን (ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ አድርሶ ነጥብ ለማስቆጠር) ያቀበላቸው ኳሶች 16 ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 60 ደረሱ! ምን ተለወጠ? ከፕሮፌሽናሉ ቡድን ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ የመጣው ወጣት አሰልጣኝ ጆ ብሬዲ አምስት ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ለቅብብል ማሰማራትን አዘወተረ። ሯጩ ክላይድ ኤድዋርድስ-ሄለር ሳይቀር ተቀባይ ሆነ። ተከላካዮች ሜዳውን ለመሸፈን ሲበታተኑ ክፍተት ይከፈታል፤ በሮውም አሰላለፋቸውን ቀድሞ አንብቦ ኳሱን ቶሎ ይለቃል። ጃማር ቼዝ 20፣ ጀስቲን ጄፈርሰን 18 ታችዳውን በቅብብል አስቆጥረዋል።

ስማቸው እምብዛም የማይነሳው ግን አምስቱ የፊት መስመር ተጫዋቾች ናቸው። የሚንደረደረውን ተከላካይ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ገትረው ባይዙት ኖሮ በሮው ቀና ብሎ ተቀባይ ለመፈለግ እንኳ ጊዜ ባላገኘ ነበር። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምርጥ የአጥቂ መስመር የሚሸለመውን የጆ ሙር ሽልማት ወስደዋል፤ በእርግጥም ይገባቸዋል።

ቡድኑ 15 ጨዋታ አድርጎ 15ቱንም አሸነፈ፤ በጃንዋሪ 2020 የፍጻሜ ጨዋታም ክሌምሰንን 42 ለ 25 ረታ።