በባቄላ እርሻ በዩሪያ ፋንታ ስለ ሕያው ማዳበሪያ አጠቃቀም

ባቄላ በደጋና በወይና ደጋ ገበሬ ዘንድ የታወቀ ሰብል ነው። ለእሸት፥ ለንፍሮና ለሽሮ ይፈለጋል፤ ገለባውም ለከብት መኖ ይሆናል። ከዚህም በላይ መሬት ያሳርፋል እየተባለ ከስንዴና ከገብስ ጋር እያፈራረቁ መዝራት ከአባቶች የመጣ ልማድ ነው። የዚህን ልማድ ምክንያት የተረዳ ገበሬ በባቄላ ማሳው ላይ ለዩሪያ የሚያወጣውን ገንዘብ ለማዳን ይችላል።

ባቄላ ናይትሮጅን ከየት ያገኛል?

ማንኛውም ሰብል ቅጠሉ እንዲለመልምና ፍሬው እንዲሞላ ናይትሮጅን የተባለው ምግብ ያስፈልገዋል። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም። ፋብሪካ ይህንኑ ናይትሮጅን በብዙ ሙቀትና ግፊት ለውጦ ዩሪያ ያደርገዋል፤ በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል።

ፋብሪካ በብዙ ወጪ የሚሠራውን ሥራ፥ ራይዞቢየም የተባሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በባቄላ ሥር ላይ ሆነው ይሠሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቀጫጭን ሥሮች ገብተው ትናንሽ እባጮች ያበጃሉ። ባቄላው በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነርሱም በፋንታው ናይትሮጅን ይሰጡታል። ባክቴሪያውን ከሥር እባጭ ለይቶ ያወጣው የኔዘርላንድ ተወላጅ ማርቲኑስ ቤይጀሪንክ ሲሆን፥ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ነበር።

ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው እንግዲህ በሚገባ የሚሠራው ባክቴሪያ ተመርጦና ተራብቶ፥ ከደቀቀ ጥቁር አፈር መሳይ ነገር ጋር በፓኬት የታሸገው ነው። የአውሮፓ ኅብረትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባወጣው የማዳበሪያ ደንብ ራይዞቢየምን ባዮስቲሙላንት ከሚባሉት፥ ማለትም የተክልን አመጋገብ ከሚያግዙት ነገሮች መካከል ቈጥሮታል።

ለየትኛው ማሳ ይጠቅማል?

ባቄላ ለብዙ ዓመታት ባልተዘራበት ማሳ ላይ ጥቅሙ ጐልቶ ሊታይ ይችላል። ባቄላ ዘወትር በሚመላለስበት ማሳ ግን በአፈሩ ውስጥ በቂ ባክቴሪያ አስቀድሞ ሊኖር ስለሚችል ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ለባቄላ፥ ለአተርና ለምስር የሚስማማው ባክቴሪያ ለሽንብራ ወይም ለአኩሪ አተር አይሆንም፤ ስለዚህ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የሰብል ስም አይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ለስንዴ ወይም ለጤፍ ዘር ይህን ማዳበሪያ መለወስ ገንዘብ ማባከን ነው።

የአጠቃቀሙ ሥርዓት

አንደኛ፥ ማዳበሪያው ሕያው ስለሆነ ሙቀት ይገድለዋል። የማብቂያ ቀኑ ያላለፈ መሆኑን አይቶ መግዛት፥ እስከሚዘራበትም ቀን ድረስ ከፀሐይ፥ ከእሳትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት አርቆ ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይገባል።

ሁለተኛ፥ ብዙ ጊዜ አንዱ ፓኬት 125 ግራም ሲሆን ለሩብ ሄክታር ዘር ይበቃል። ዘሩን በጥላ ሥር በንጹሕ ሸራ ላይ አፍስሶ፥ ስኳር በተበጠበጠበት ጥቂት ውሃ ማርጠብ ነው። ዘሩ ይርጠብ እንጂ አይዘፈቅ። ከዚያም ማዳበሪያውን ነስንሶ ፍሬው ሁሉ ጥቁር እስኪለብስ ድረስ ቀስ ብሎ ማገላበጥ ይገባል።

ሦስተኛ፥ የተለወሰው ዘር በዚያው ቀን፥ ቢቻል በማለዳ ወይም ደመና ሲሆን፥ እርጥበት ባለው አፈር ላይ ተዘርቶ ወዲያው አፈር መልበስ አለበት። ለፀሐይ ተጋልጦ የዋለ ዘር ባክቴሪያው ይሞትበታል።

አራተኛ፥ የፀረ ሻጋታ መድኃኒት የነካው ዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችላል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር

ሕያው ማዳበሪያ የሚተካው ናይትሮጅንን ብቻ ነው። ፎስፎረስ ከአየር አይገኝምና፥ አፈሩ ፎስፎረስ የጐደለው ከሆነ እባጮቹም አይበረክቱም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ለአካባቢው የመከረውን የፎስፎረስ ማዳበሪያ መተው አይገባም፤ ነገር ግን ከተለወሰው ዘር ጋር እንዳይነካካ ተለይቶ ይደረግ። ዩሪያ የተጨመረለት ባቄላ ግን ናይትሮጅን ሳይደክም ስለሚያገኝ እባጭ ማብጀቱን ይቀንሳል፤ ሁለቱን አብሮ ማድረግ በአንዱ ሌላውን ማጥፋት ነው። አፈሩ እጅግ ኮምጣጣ ሲሆን ደግሞ ባክቴሪያው ስለሚዳከም አስቀድሞ የእርሻ ኖራ ማድረግ ይጠቅማል።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

የልማት ሠራተኛውም ሆነ ገበሬው በቃል ብቻ እንዳያምን ማሳው ራሱ ይመስክር። ከማሳው አንድ ጥግ ጥቂት መስመሮችን ያልተለወሰ ዘር መዝራት ነው፤ ባክቴሪያው በእጅ እንዳይተላለፍ ይህኛው አስቀድሞ ይዘራ። ባቄላው ማበብ ሲጀምር ከሁለቱም ወገን ጥቂት ተክል በመቈፈሪያ ከነአፈሩ ማውጣት ይገባል፤ በእጅ ቢነቀል እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን አጥቦ እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ነው። ውስጡ እንደ ደም ቀላ ያለ ከሆነ ይሠራል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም። በመከርም ጊዜ የሁለቱን ወገን ምርት ከእኩል መሬት ለይቶ መመዘን ፍርዱን ይሰጣል።

ባቄላው ሲደርስ መንቀሉ ቀርቶ በማጭድ ቢታጨድ ሥሩና እባጩ በመሬት ውስጥ ይቀራሉ። ገለባውን የበሉት ከብቶች ፍግም ወደ ማሳው ቢመለስ፥ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ስንዴ ከዚህ ድርሻውን ያገኛል።